የ4 ወር ጨቅላ ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመጀመሪያ ልጄ ወንድ ነው፤ 4 ወር ከ2 ሳምንት ሆኖታል። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ቲክቶክ ላይ ጨቅላ ሕፃናት ሲዋኙ አይቼ በጣም ጓጓሁ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚጠለቅ፣ በአየር የሚነፋ ቀለበት ላከችልኝ። «እዚህ ብዙ ሰው ይጠቀመዋል» ትላለች። ለአማቴ ስነግራቸው ግን ተቆጡ። «በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ እንኳ ውኃ ሲነካው ነፍሱ እስክትወጣ ነው የጮኸው። ብርድ ልታስመቺው ነው?» አሉኝ። ቅዳሜ አንድ ሆቴል ገንዳ ልወስደው አስቤ ነበር። ዕድሜው ደርሷል? ክትባቱን መጨረስ አለበት? ቀለበቱንስ ልጠቀምበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ቀለበቱን አትጠቀሚበት። «ለሰው ልስጠው» ብለሽም አታስቢ፤ ቅደጂና ጣዪው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ዕድሜው ደርሷል ወይ ላልሽው፣ ደርሷል። ሕፃን ገንዳ ለመግባት ይህን ያህል ወር ይሙላው የሚባል የተቆረጠ ቀን የለም። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ለወላጆች የሚሰጠው ምክርም ይኸው ነው፦ በማንኛውም ዕድሜ፣ ከክትባት በፊትም ሆነ በኋላ መግባት ይችላል። ስለዚህ ክትባቱን በቀጠሮው ቀን አስከትቢው፤ ገንዳው ግን ክትባቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ተከትቦ ካተኮሰው ያን ቀን ይቅርበት፣ በቃ።

ከዚህ ያነሱ ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሁለት ነገር እዩ። እትብቱ ወድቆ ቦታው በደንብ ይድረቅ። ወንድ ከሆነና በ8 ቀኑ ከተገረዘ ቁስሉ ይዳን። የእናቲቱም አካል አለ። ደም ሳይቆም፣ በኦፕራሲዮን የወለደችም ቁስሏ ሳይጠግግ ገንዳ አይገባም። 6 ሳምንት አካባቢ ለምርመራ ስትሄዱ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ። በዚህ ዕድሜ የሚደረገውን ነገር እኔ ዋና ማለት አልወድም። ውኃ ማስለመድ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ልጆች 4 ዓመት ሳይሞላቸው ለዋና ትምህርት አይደርሱም ይል ነበር። ያን ዓመት አቋሙን አለዘበ። በ2019 ባወጣው ሰነድ ደግሞ ብዙ ልጆች ከ1 ዓመታቸው ጀምሮ መማር ይችላሉ አለ። ለለውጡ ምክንያት ከሆኑት አንዱ በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የዋና ትምህርት የመስጠም አደጋን በ88 በመቶ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አትያዢው። ከ1 ዓመት በታች ላሉት ግን ትምህርቱ ከመስጠም ያድናል የሚል ማስረጃ የለም።

ታዲያ ምን ይጠቅመዋል? ይደሰታል። አንቺም ትደሰቻለሽ። ስልክሽን አስቀምጠሽ 10 ደቂቃ ሙሉ ፊት ለፊት ታዪዋለሽ። ሲያድግ ውኃ ባዕድ አይሆንበትም። ለኔ ይህ ይበቃል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልሽ አሠልጣኝ ካለ ግን ጠርጥሪው።

ቲክቶክ ላይ ያየሻቸውስ? ውሸት አይደሉም። የጨቅላ ፊት ውኃ ሲነካው ትንፋሹን ያዝ ያደርጋል፣ ጉሮሮው ውስጥ ያለው የአየር መግቢያ ይዘጋል፣ የልብ ምቱም ዝግ ይላል። በሆዱ ውኃ ላይ ሲያደርጉት እጅና እግሩን እንደ ዋናተኛ ያንቀሳቅሳል። ሜርትል ማክግሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንን በ1939 ጽፋዋለች። ነገሩ ግን ሪፍሌክስ ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ጣትሽን መዳፉ ላይ ስታደርጊ ጭብጥ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ አስቦ አይደለም። 6 ወር አካባቢ ሲደርስ እየጠፋ ይሄዳል። አስቦ መዋኘት ደግሞ ገና ዓመታት ይቀሩታል። በቪዲዮው ላይ የምታዪው ልጅ ራሱን ቀና አድርጎ አየር መሳብ አይችልም። ከውኃው የሚያወጣው ከካሜራው ውጭ ያለ እጅ ነው።

ስለዚህ ልጅሽን አታጥልቂው። ትንፋሹን ቢይዝም ውኃ ይውጣል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውኃም ቢሆን አትስጪው ተብለሽ የለ? አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሕፃን ኩላሊት ብዙ ውኃ ቶሎ ማስወጣት አይችልበትም። ውኃው ሲበዛ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። መጀመሪያ ይነጫነጫል ወይም ድብት ይለዋል፣ ያስመልሰዋል። ሲብስ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። በገንዳ ደጋግመው የጠለቁ ሕፃናት ላይ ይህ ደርሶ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። ከገንዳ ወጥቶ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከጣለውና አልነቃ ካለሽ «ደክሞት ነው» አትበዪ። ወደ ጤና ተቋም ሩጪ፣ ገንዳ ገብቶ እንደነበረም ንገሪ። ሐኪሙ ራሱ ላያስበው ይችላል።

ክርስትናው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ነው፣ በቅጽበት ያልቃል። እኔ የምከለክልሽ ገንዳ ውስጥ ደጋግሞ ጥልቅ ብቅ ማድረጉን ነው። ደግሞ ያን ቀን የጮኸው ውኃ ጠልቶ አይመስለኝም። ማለዳ፣ ራቁቱን፣ በማያውቀው ሰው እጅ፣ ቀዝቃዛ ውኃ። እኔም እጮኻለሁ።

አማትሽ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ብርዱ።

«ብርድ መታው» ብለን የምንጠራው ጉንፋንና የሳንባ ምች ከጀርም ነው የሚመጣው፤ ውኃ ብቻውን አያመጣውም። ሆኖም ሕፃን ሙቀቱን የሚያጣበት ፍጥነት ከኛ ጋር አይወዳደርም። ለክብደቱ ቆዳው ሰፊ ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይሆንለትም። ስለዚህ 6 ወር ላልሞላው ልጅ ውኃው ቢያንስ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን ይባላል። ዋናተኞች የሚወዳደሩበት ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ለዋናተኛ ይስማማል፣ ለልጅሽ ግን በረዶ ነው።

የራሴን ላውራሽ። የመጀመሪያ ልጄን በ5 ወሯ ይዣት ወጣሁ። ስሙን የማልጠራው ቦታ ቀድሜ ስደውል «የሞቀ ገንዳ ነው ዶክተር» አሉኝ። ደርሼ እጄን ነከር አደረግሁ፤ ለብ አለኝ። ገባን። 7 ደቂቃ ያህል ሳቀች፣ ውኃውን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ዝምታዋን «ተመቻት» ብዬ ተረጎምኩት። ሐኪም ነኝ እኮ! ዳር ቆሞ የነበረው ባለቤቴ ነው «አገጯ እየተንቀጠቀጠ ነው» ያለኝ። ሳያት ከንፈሯ ጠቁሯል፣ የጥፍሮቿ ሥር ወይን ጠጅ መስሏል። በፎጣ ጠቅልለን፣ ደረቴ ላይ ለጥፌያት፣ ጡት ሰጥቻት እስክትሞቅ 20 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትር ሳልይዝ ገንዳ ሄጄ አላውቅም።

ልዩ ቴርሞሜትር ግዢ አልልሽም። ቤት ያለው የትኩሳት ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃሻል። አብዛኞቹ መለካት የሚጀምሩት ከ32 ዲግሪ ነው። ውኃው ከዚያ ከቀዘቀዘ ቁጥር አይሰጡሽም፤ በላቲን ፊደል «ሎ» ብለው ይጽፋሉ። ጫፉን ብቻ ውኃው ውስጥ አድርጊውና ጠብቂ። «ሎ» ካለ ልብሱን ሳታወልቂ ተመለሺ። 33 ወይም 34 ካለ ግቡ። በጣም የሞቀም አይሆንም። ጃኩዚ የሚሉት 40 ዲግሪ የሚደርሰው ገንዳ ለሕፃን ፈጽሞ አይታሰብም።

ሌላም አለ። በኛ ቆዳ ላይ የብርድ ምልክት ወዲያው አይታይም። የፈረንጅ መጽሐፍ «ቆዳው ሰማያዊ ሲሆን» ይላል፤ አንቺ ያን ከጠበቅሽ ትዘገያለሽ። ከንፈሩን፣ ድዱን፣ መዳፉን፣ የጥፍሩን ሥር እዪ። አገጩን እዪ። ዝም ካለም አውጪው። ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። እየለመደ ሲሄድ 20 ታደርሺዋለሽ። ዓመት እስኪሞላው ከ30 ደቂቃ አትለፊ።

ቅዳሜን ወደሚቀጥለው ሳምንት አዛውሪው። እስከዚያ ቤት ውስጥ በሳፋ ተለማመዱ። ሲታጠብ በኩባያ ከትከሻው ላይ ቀስ እያልሽ አፍስሺለት፣ ከዚያ ከጭንቅላቱ በስተኋላ። ከማፍሰስሽ በፊት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል በዪ። እኔ «አንድ፣ ሁለት፣ ሆፕ!» ነበር የምለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቃሉን ሲሰማ ዐይኑን ጨፈን ማድረግ ሊጀምር ይችላል። ያኔ ገብቶታል ማለት ነው።

ገንዳው ውስጥ ስትገቢ አትቸኩዪ። ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ያዢውና ትከሻው ድረስ ውኃው ይሸፍነው። ወገቡ ድረስ ብቻ ከገባ፣ እርጥብ ደረቱን ነፋስ ሲያገኘው ነው የሚበርደው። አገጩ ግን ሁልጊዜ ከውኃ በላይ ነው። ሕፃን አዲስ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያነበው የእናቱን ፊት ነው። ጥርስሽን ነክሰሽ ከገባሽ ያውቅብሻል። እሹሩሩ እያልሽለት ወዲያ ወዲህ በዪ። ሲረጋጋ ብብቱ ሥር በሁለት እጅሽ ይዘሽ ከፊትሽ ራቅ አድርጊውና ወደ ኋላ ተራመጂ፤ ውኃው ራሱ እግሩን ያንሳፍፍለታል። በጀርባው ለማስተኛት ደግሞ ጭንቅላቱን ትከሻሽ ላይ አስደግፊው፣ ጣሪያውን ይመልከት። ካለቀሰ አቅፈሽ አባብዪው። ካልተወው ውጡ። «ይልመደው» ብሎ እያለቀሰ ማቆየት የሚያስለምደው ፍርሃቱን ነው።

ዋና ካልቻልሽ አትሸማቀቂ፤ ብዙዎቻችን አንችልም። እግርሽ መሬት በሚነካበት፣ ውኃው ከወገብሽ እስከ ደረትሽ በሆነበት ቦታ ቁሚ። ሕፃን ይዘሽ በደረጃ ነው የሚገባው። አንድ እጅሽ ብረቱን ይያዝ። የገንዳ ዳር ያንሸራትታል።

ጡት እንደጠባ ወዲያው አታስገቢው፣ ያስመልሰዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ተርቦም አይግባ። ሲወጣ ይርበዋል፣ ከዚያ ተኝቶ ያሳርፍሻል። ብዙ እናቶች ይህችን እንቅልፍ ብለው ነው የሚመላለሱት መሰለኝ።

አሁን ወደ ቀለበቱ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. የአንገት ቀለበት ሕፃናት ላይ እንዳይደረግ አስጠንቅቋል። በተለይ ዳውን ሲንድረም፣ የጡንቻ መላላት ወይም ሌላ የእድገት ችግር ላለባቸው። አንድ ሕፃን ሞቶበታል፣ ሌላም ሆስፒታል ገብቷል። ከቀለበቱ አየር ሊወጣ ይችላል። ልጁ ሊሾልክ ይችላል። መላ ሰውነቱ ሲንጠለጠል ጫናው አንገቱ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ቀለበቱ እጅሽን ነፃ ያደርገዋል። እጅሽ ነፃ ሲሆን ስልክ ያነሣል። ክንድ ላይ የሚነፉትም፣ በመሃሉ የሚቀመጡበት ዳክዬም እንደዚያው ነው። መጫወቻ ናቸው እንጂ ጠባቂ አይደሉም።

ስለ ንጽሕና ብዙ አልልሽም። ሆቴሉን ክሎሪኑንና ፒኤቹን (የውኃውን የአሲድነት መጠን) በቀን ስንት ጊዜ እንደሚለኩ ጠይቂ። ዐይናቸው ከፈጠጠ መልሱን አገኘሽ። የገንዳው ወለል ጥርት ብሎ ይታይ። ኃይለኛ የክሎሪን ሽታ የንጽሕና ምልክት የሚመስለን ብዙ ነን። እንደ እውነቱ ያ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ነው። ተራው ዳይፐር ውኃ ጠጥቶ እንደ ትራስ ስለሚያብጥ የዋና ዳይፐር ያስፈልግሻል። እሱም ቢሆን ሰገራውን ለጊዜው ያዝ ያደርጋል እንጂ ጀርም አያግድም፣ ሽንትማ ያልፋል። ተቅማጥ ካለው አትውሰጂው፤ ከቆመለት በኋላም 48 ሰዓት ይቆይ። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተቅማጥ አምጪ ተውሳክ በሚገባ ክሎሪን በተደረገበት ውኃ ውስጥ ከ7 ቀን በላይ ይኖራል። ያንቺ ልጅ ተቅማጥ የሌላው ልጅ እንዳይሆን ነው።

ገንዳው ሜዳ ላይ ከሆነ ጥላ ፈልጊ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስለናል፤ ነገር ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። 6 ወር ላልሞላው ልጅ ቅባት ከመለቅለቅ ጥላና ኮፍያ ይሻላል። ብትችዪ ግን ጣሪያ ያለው ገንዳ ምረጪ፤ ነፋሱንም ትገላገያለሽ።

«ለበዓል ሐዋሳ እንሄዳለን፣ እዚያ ላስገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይሆንም። ሐዋሳ፣ ዝዋይና ጣና ሐይቆች ቢልሃርዚያ አለባቸው። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ መዋጥ አያስፈልገውም። ላንጋኖ በዚህ በኩል የተሻለ ስም አለው፣ ግን ውኃው ድፍርስ ስለሆነ እግርሽ የቆመበትን አታዪም። ሶደሬና ወንዶ ገነት ደግሞ የፍል ውኃው ሙቀት ለጨቅላ አይመጠንም። ከፍ ሲል ይደርስበታል።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ግን ጥያቄሽን አልመለስኩም። የገንዳው ነገር በሳምንት 10 ደቂቃ ነው፤ በዚያ ላይ አንቺ አቅፈሽዋል። እኔን የሚያስፈራኝ የቤትሽ ባልዲ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሁላችንም በበርሜል፣ በባልዲ፣ በሳፋ እናጠራቅማለን። ልጅሽ ከጥቂት ወራት በኋላ መዳህ ይጀምራል፣ ከዚያ ይዞ መቆም። የዚያ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከባድ ነው። ባልዲ ይዞ ጎንበስ ሲል በጭንቅላቱ ይዘፈቃል፣ ራሱን መልሶ ማውጣት አይችልም። ጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ይበቃል። ፊልም ላይ እንደሚታየው መጮኽ፣ መንቦጫረቅ የለም። ድምፅ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 300,000 ገደማ ሰው ሰጥሞ ይሞታል፤ ከነሱ ሩብ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ስለዚህ ልጁ መዳህ ሳይጀምር የበርሜሉን ክዳን አስተካክዪ። ሳፋውን ታጥቦ እንዳለቀ ድፊው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ልጅ የማይደርስበት መቀርቀሪያ አስመቺ። እያጠብሽው በር ቢንኳኳ ወይ ስልክ ቢጠራ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ይዘሽው ሂጂ። ሳፋ ውስጥ ትተሽው አትነሺ፣ ለ«አንድ ደቂቃ»ም።

ከውኃ የወጣ ልጅ ካልተነፈሰ ደግሞ እኛ ሀገር የተለመደ ስሕተት አለ። እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ ውኃውን ማራገፍ። አታድርጊው፣ ጊዜ ይበላል። የጎደለው አየር ነው። በጀርባው አስተኝተሽ፣ አፍና አፍንጫውን በአፍሽ ሸፍነሽ፣ ደረቱ ከፍ እስኪል ቀስ ብለሽ ትንፋሽ ስጪው፤ ሌላው ሰው ወደ 907፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል። ደረት መጫኑን አንብቦ ማወቅ አይቻልም፣ በእጅ መለማመድ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ከባለቤትሽ ጋር ሂዱ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ያዢ፦ ቴርሞሜትሩ፣ 2 የዋና ዳይፐር፣ 2 ትልልቅ ፎጣ፣ ኮፍያ፣ ቅያሪ ልብስ። አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። የምሬን ነው። ልጁ ሲወጣ እጅሽ እርጥብ ነው፣ አንድ ሰው ፎጣ ዘርግቶ መቀበል አለበት። ለብርድ ከሳቸው የበለጠ ንቁ ሰው አታገኚም። ዳር ላይ ወንበር ይሰጣቸው፣ ፎጣውን ጭናቸው ላይ ያሙቁት፣ ከንፈሩን ይዩልሽ። «በቃው» ካሉሽ 10 ደቂቃው ባይሞላም ውጪ።